«የሰካራም እንጉርጉሮ» ስላሉት ነገር

የቀበናው፦
ትናንት ማታ ጋሽ ራዲዮ ስለ ራንቼራ፣ ማለትም ስለ ሜክሲኮ የገጠር ዘፈን፣ እዚሁ ግሩፕ ላይ የጻፉትን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ላላያችሁት ይኸው፦ «ሆርሄ ኔግሬቴ ባይመጣ ኖሮ ራንቼራ የሰካራም እንጉርጉሮ ሆኖ ይቀር ነበር።» የሰካራም እንጉርጉሮ! ሌሎቹን ዘፋኞች፣ ፔድሮ ኢንፋንቴን፣ ሉቻ ሬየስን፣ ሆሴ አልፍሬዶ ሂሜኔዝን በአንድ አፍ ጠራርገው ጣሏቸው። ጋሼ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ። ይሄን ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

ጋሽ ራዲዮ፦
ማን ዝም በል አለህ? ያልኩትን ደግሜ እላለሁ። ኔግሬቴ ከጦር ትምህርት ቤት የወጣ፣ ሆሴ ፒየርሰን ዘንድ ኦፔራ የተማረ ሰው ነው። ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። በ1941 (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለውም እንደዚያ ይነበብ) «አይ ሃሊስኮ ኖ ቴ ራሄስ» የሚለው ፊልም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቻሮ (የሜክሲኮ ፈረሰኛ) ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ባርኔጣው፣ ፈረሱ፣ ደረቱን ነፍቶ አቋቋሙ። ዛሬም ድረስ የሚኮረጀው እሱ ነው።

የቀበናው፦
ወዶ ነው እንዴ የገባበት? የሰውየው ህልም ኦፔራ ነበር። ራንቼራ ዝፈን ሲሉት አፍንጫውን ነፍቶ ነው የጀመረው። ደግሞ የጓናጁዋቶ ግዛት ልጅ ሆኖ ስለ ሌላ ግዛት፣ ስለ ሃሊስኮ እየፎከረ ነው ስም ያወጣው። ከስካር ያዳነን ታዲያ እሱ ነው?

ቅመም፦
ሁለታችሁም ወንድ ወንዱን ስትቆጥሩ አመሻችሁ። ሉቻ ሬየስ የት ሄደች? ጓዳላሃራ በ1906 ተወለደች። ሶፕራኖ (ከፍ ያለ የሴት ድምፅ) ነበረች። በ1920ዎቹ ለሥራ ጀርመን ሄዳ ድምጿ ተበላሸ። ይዛው የተመለሰችው ሻካራና የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። በዚያው ድምፅ መድረክ ላይ ጮኸችበት፣ አለቀሰችበት፣ ሳቀችበት። ከእሷ በፊት ሴት ልጅ እንደዚያ አትዘፍንም ነበር። እነ ሎላ ቤልትራን የሄዱበትን መንገድ የጠረገችው እሷ ናት። ጋሽ ራዲዮ የጠሩት ፊልም ላይ ራሷ ትዘፍናለች። አላዩዋትም? ወይስ ዓይንዎን የሚገልጡት ኔግሬቴ ብቅ ሲል ብቻ ነው?

ጋሽ ራዲዮ፦
አይቻታለሁ ልጄ። ሉቻን ማን ነካት?

ቅመም፦
«እንጉርጉሮ» ያሉት ታዲያ ማንን ነው? ስም ይጥሩ።

ጋሽ ራዲዮ፦
ሆሴ አልፍሬዶን። ይኸው ጠራሁ። ካንቲና፣ ተኪላ፣ ጥላኝ ሄደች፣ አስተናጋጅ አንድ ድገመኝ። ከዚህ ሌላ ምን አለው?

የቀበናው፦
አሁን ገና ወደ ጉዳዩ መጣን። ጋሼ፣ እርስዎ ሰካራም የሚሉት ሰው አንድም መሣሪያ መምታት አይችልም ነበር። ኖታ አያነብም። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ኳስም ተጫውቷል፣ በረኛ ነበር። ዜማውን በፉጨት ያሰማል፣ ሩቤን ፉዌንቴስ ደግሞ ለማሪያቺው (ለአጃቢው ባንድ) ያቀናብርለታል። በፉጨት! «ካሚኖ ዴ ጓናጁዋቶ»ን አንዴ በደንብ ያዳምጡት። ያገሩን ከተሞች አንድ በአንድ እየጠራ ይሄድና ሳላማንካ ላይ ሲደርስ በዚያ አትለፉ ይላል። ወንድሙ የሞተው እዚያ ነው። ይሄም ስካር ነው?

ሽሮ ፈሰስ፦
እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም? ኑሮው እንዲህ እሳት ሆኖ የሞተ ሜክሲካዊ ያጣላችኋል? ሃሃሃ።

ኤልኤ አበሻ፦
ሽሮ፣ ዩጎዝላቪያዎችን ያጣላቸው ነበር እኮ። ቲቶ በ1948 ከስታሊን ጋር ሲቀያየም የሶቭየት ፊልም ቀረና የሜክሲኮ ፊልም ገባ። ሰርቡም ክሮአቱም ሶምብሬሮ ደፍቶ በራሱ ቋንቋ ራንቼራ ያስቀርጽ ጀመር። እነሱ ዘፍነውታል፣ እኛ ብናወራው ምን ችግር አለው?

ወደ ነገሩ ልመለስ። እዚህ ሎስ አንጀለስ አብረውኝ የሚሠሩት የሲናሎአና የዛካቴካስ ልጆች ናቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ስልካቸው ላይ ማን እንደሚከፈት ልንገራችሁ? ኢንፋንቴ። ኔግሬቴ ሲመጣ ያከብሩታል፣ ጸጥ ይላሉ። ኢንፋንቴ ሲመጣ አብረው ይዘፍናሉ።

ጋሽ ራዲዮ፦
ኢንፋንቴ ተዋናይ ነው፣ አልክድም። ድምፁ ግን ትንሽ ናት።

ኤልኤ አበሻ፦
«ትንሽ ናት።» እሺ። ኔግሬቴ የሚዘፍነው ለኋላ ወንበር ነው። ኢንፋንቴ የሚዘፍነው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነው። ማይክ ከመጣ በኋላ መጮህ ምን ያደርጋል? ስንኙ ሊያልቅ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋታል፣ ሳቅ ሳቅ እያለው የሚጨርሰው ነው የሚመስለው። ያን ኦፔራ ቤት አያስተምሩም። ሰውየው ጓሙቺል ያደገ አናጺ ነበር። በ1948 «ኖሶትሮስ ሎስ ፖብሬስ» የሚለው ፊልም ላይ አናጺ ሆኖ ሲሠራ መጋዝ አያያዙን ማንም ሊያሳየው አላስፈለገም። ኤፕሪል 15 ቀን 1957 ሜሪዳ ላይ አውሮፕላኑ ሲወድቅ አገር ነው የተነቀነቀው። «ቲሶክ» የሚለው ፊልም ላይ ለሠራው የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል የሸለመውም ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬም አልሞተም ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ሽሮ ፈሰስ፦
እኔም አልሞተም ባይ ነኝ። ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ባለበት እንዴት ይሞታል?

ፍልውሃ፦
እኔ የሁላችሁንም አልገዛም። ይሄ «የገጠሩ ሰው ድምፅ» እያላችሁ የምታለቅሱለት ነገር ከተማ የተሠራ ዕቃ ነው። የሃሊስኮ ማሪያቺዎች ድሮ የሚለብሱት የገበሬ ነጭ ጥጥ ነበር። በብር ቁልፍ ያሸበረቀው የቻሮ ልብስ የባለርስቱ ነው። ትራምፔቱን ያነገሠው ሬዲዮና ፊልም ነው። በ1930 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ኤክስ ኢ ደብልዩ የሚባል የሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲያ ገጠር ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስነው ስቱዲዮ ሆነ።

በ1936 የወጣውን «አያ ኤን ኤል ራንቾ ግራንዴ» እዩት። ቲቶ ጊዛር ይዘፍናል፣ ጌታውና የከብት አለቃው በአንዲት ልጅ ይጣላሉ፣ መጨረሻ ላይ ታርቀው ሁሉም ደስ ይለዋል። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ካርዴናስ ላጉና የሚባለው አካባቢ ላይ የባለርስቶቹን መሬት እየነጠቀ ለገበሬው ያከፋፍላል። ሥልጣን እስኪለቅ ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር አከፋፍሏል። ሲኒማው ግን ለደጉ ጌታ ያለቅሳል። ያውም ካርዴናስ እኮ ጣልያን ሲወረን ለወረራው ዕውቅና አልሰጥም ብሎ ከእኛ ጋር የቆመው ሰውዬ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ በማን ምክንያት ተሰየመ ብላችሁ ነው? ስለዚህ ኔግሬቴ ወይስ ኢንፋንቴ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁለቱም የለበሱት የባለርስቱን ኮት ነው።

ጋሽ ራዲዮ፦
ኔግሬቴን ባለርስት አደረግከው? የተዋንያን ማህበሩን ከመሠረቱት አንዱ ነው፣ መርቶታልም። በ1945 ከኮሜዲያኑ ካንቲንፍላስ ጋር ሆኖ ከድሮው የሲኒማ ሠራተኞች ማህበር ጋር የተፋጠጠ ሰው ነው። ከእሱ በላይ ለሠራተኛ የቆመ ዘፋኝ ካለ አምጣ።

ፍልውሃ፦
ስለ ሰውየው መች አወራሁ ጋሼ? ስለ ፊልሙ ነው። ማህበር መርቶ ሲያበቃ ካሜራ ፊት ጌታ ሆኖ ይቆማል። የኔ ጥያቄ እሱ ነው።

ሽሮ ፈሰስ፦
ቆይ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አደባባይ አለው እንዴ? ባቡሩ በላው አይደል?

ኤልኤ አበሻ፦
እነሱ ጋ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ።

ሽሮ ፈሰስ፦
ስሙ ላይ ሌላ ስም ደርበውበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ተካካስን ማለት ነው።

የቀበናው፦
አደባባዩን ተዉት እባካችሁ! ጋሽ ራዲዮ እየሾለኩ ነው። «የሰካራም» የሚለውን ያንሱ ወይም ያስረዱ።

ጋሽ ራዲዮ፦
ምኑን ላስረዳ? ሆሴ አልፍሬዶ በ1973 በ47 ዓመቱ በጉበት አልሞተም?

ኤልኤ አበሻ፦
በጉበት ከሆነማ ኔግሬቴስ? በ1953 እዚሁ ሎስ አንጀለስ በ42 ዓመቱ ምን ገደለው?

ጋሽ ራዲዮ፦
ሄፓታይተስ ነው! ከመጠጥ ጋር አታገናኘው። ነውር ነው።

ቅመም፦
አያችሁ? የኔግሬቴ ጉበት ሕመም፣ የሆሴ አልፍሬዶ ጉበት ነውር። ዘፈኑን ትተን በጉበት ልንዳኝ ነው ማለት ነው።

የቀበናው፦
ቅመም፣ እጅሽ ይባረክ።

ጋሽ ራዲዮ፦
እናንተ ተሰብስባችሁ ነው የመጣችሁት። ይሁን። በ1953 «ዶስ ቲፖስ ዴ ኩይዳዶ» የሚለው ፊልም ላይ ኔግሬቴና ኢንፋንቴ አንድ ላይ ቆመዋል፣ ኢስማኤል ሮድሪጌዝ ነው ያዘጋጀው። ግብዣው ላይ እንደ አዝማሪ ቤት ግጥም ይወራወራሉ። ተመልከቱትና ማን እንዳሸነፈ ንገሩኝ። ኔግሬቴ አፉን ሲከፍት ያኛው ይጠፋል።

ኤልኤ አበሻ፦
ያንኑ ትዕይንት ነው የምናወራው? ኔግሬቴ ድምፁን ያወጣል፣ ልክ። ካሜራው የሚፈልገው ግን የኢንፋንቴን ፊት ነው። የሚሰደበው እሱ፣ የሚስቀው እሱ። እንግዶቹም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።

ጋሽ ራዲዮ፦
ዘፈን በጆሮ ነው የሚሰማው።

ኤልኤ አበሻ፦
ፊልም ነው ጋሼ።

ቅመም፦
እሺ፣ ፊልሙን ትተን በጆሮ ብቻ እንሂድ ካላችሁ ቻቬላ ቫርጋስን አምጧት። ማሪያቺ የለም፣ ትራምፔት የለም፣ ፈረስ የለም። ጊታርና ፖንቾ ብቻ። ያንኑ የሆሴ አልፍሬዶን ዘፈን ቀስ አድርጋ ስትለው ጋሽ ራዲዮ «ስካር» ያሉት ነገር ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ወንድ ለሴት የጻፈውን ግጥም ሳትቀይር ለሴት ትዘፍነዋለች። ያውም በዚያ ዘመን።

ፍልውሃ፦
ኮስታ ሪካ ነው የተወለደችው።

ቅመም፦
እና?

ፍልውሃ፦
እናማ «የሜክሲኮ ነፍስ» እያላችሁ ስታወሩ ይቺም ትቆጠር ማለቴ ነው። እኔን እኮ ነው ያገዝሽኝ። የመጣ ሁሉ የሚለብሰው ልብስ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ቅመም፦
እሷ ልብሱን አወለቀችው ነው የምልህ። አንብብ እንጂ።

የቀበናው፦
ቪሴንቴ ፈርናንዴዝን እስካሁን ማንም አላነሳም። በ2016 አስቴካ ስታዲየም ሲሰናበት ሕዝቡ አላስወርድ ብሎት ነበር...

ጋሽ ራዲዮ፦
እሱን አታንሳብኝ። እሱ የመጣው ሲኒማው ካለቀለት በኋላ ነው።

ኤልኤ አበሻ፦
በዚህስ ተስማማን።

ቅመም፦
ማን ከማን ጋር ተስማማ? እኔ የለሁበትም።

ጋሽ ራዲዮ፦
ነገ ስለ ሃቪየር ሶሊስ እጽፋለሁ። ሥጋ ቤት ይሠራ ስለነበረው። ቦሌሮውን (ዝግ ያለውን የፍቅር ዘፈን) ከራንቼራ ጋር ቀላቅሎ እንዴት እንዳበላሸው።

የቀበናው፦
ሶሊስን ከነኩ ይሄን ግሩፕ ለቅቄ እወጣለሁ።

ሽሮ ፈሰስ፦
ባለፈውም ወጥተህ ነበር እኮ።