እግሬ ሳያርፍ ውድድር ገባሁ፤ መቅረት ነበረብኝ?

የሰርቦ መንገድ፦

ሰላም የሳይክል ወዳጆች። ጅማ ነው የምነዳው፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው እሁድ እዚሁ አማተር ውድድር ገብቼ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የሚያውቅ ይምከረኝ።

ሳምንቱ እንዲህ ነበር። ሐሙስ አጋሮ ደርሼ ተመለስኩ። ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን የሚያውቅ አቀበቱንም ያውቀዋል። አርብ ላርፍ አስቤ ነበር፣ ግን ጓደኛዬ ደወለና ሰቃ ድረስ ወጣን፤ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ መንዳት የሚባል ነገር አያውቅም፣ እኔም ጾም ላይ ስለነበርኩ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳን ሳልቀምስ ነው የዋልኩት። ቅዳሜ ሥራ ነበር። ወቅቱ የቡና ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስናነሳና ስንደረድር ዋልን። ማታ ስተኛ ታፋዬን ይጠዘጥዘኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት የቤታችንን ደረጃ ስወርድ ነው ያወቅኩት። ሁለቱም እግሮቼ እንደ እንጨት ደርቀዋል። አብሮኝ የሚነዳ ልጅ ግን «ዝም ብለህ ግባ፣ ውድድር ራሱ እግር ይፈታል» አለኝ። ገባሁ።

ሰርቦ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ጊዜ። ቦዬ ጋ ስናልፍ ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። የመጀመሪያው ዙር እውነትም እግሬን ቀስ በቀስ ፈታልኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፣ እንደውም ሁለት ጊዜ ከፊት ወጥቼ ቡድኑን ሳብኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ስንመለስ አንዲት ትንሽ አቀበት አለች። ሌላ ቀን ብትሆን ማርሽ እንኳን አልቀይርላትም። በፊቴ ባለው ልጅ ጎማና በእኔ ጎማ መካከል አንድ ክንድ ያህል ነበር። ሁለት ክንድ ሆነ። ዓይኔን ከጎማው ላይ አላነሳሁም፣ ፔዳሉንም አላቆምኩም፣ ትንፋሼ እንኳን ብዙም አልተቆራረጠም፣ ግን እግሬ እሺ አላለኝም። ከዚያ ባጃጅ የሚገባበት ክፍተት ሆነ። ከዚያ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ግራ ባቴ ተሸማቀቀና ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ።

ጨርሻለሁ፣ ብቻዬን። ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንደዚያ ሆኜ መግባቴ ስህተት ነበር? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ውድድር አለ፣ እስከዚያ ምን ላድርግ? ያለፈውን ለማካካስ ኪሎ ሜትር ልጨምር እያሰብኩ ነው።

ካቴና፦

ታናሽ ወንድሜ፣ ኪሎ ሜትር እንዳትጨምር። መጀመሪያ ይህን ልበልህ፣ ሌላውን ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ በደከመ እግርም ብዙ ጊዜ ተወዳድሬያለሁ። አንተ የጻፍከው ሳምንት ውስጥ ትልቁ ነገር አጋሮ አይደለም። ቅዳሜ ነው። ጆንያውን እንደ ልምምድ አልቆጠርከውም። እግርህ ግን ቆጥሮታል። ፔዳል ስትገፋ የምትጠቀምበት ታፋ፣ ስልሳ ኪሎ ተሸክመህ ከቁጢጥ ስትነሳ የምትጠቀምበት ያው ታፋ ነው። እኔም የጉልበት ሥራ ስሠራ ይህን ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ከባድ ሥራ የሠራሁበትን ቀን ደብተሬ ላይ እንደ ከባድ ልምምድ ነው የምጽፈው።

መግባትህ ግን ስህተት ነው አልልህም። የነዳህበት መንገድ ነው የጎዳህ። እግሩ የደከመ ሰው ከፊት ወጥቶ ቡድን አይስብም። ሜዳ ላይ ከሰው ኋላ ተጠግተህ ስትሄድ ጉልበትህን እስከ ሲሶ ድረስ ትቆጥባለህ፣ ንፋሱን የሚሰብርልህ እሱ ነውና። አንተ ያንን ትርፍ በመጀመሪያው ዙር በተንህ። እግር ሲፈታ የሚሰማው ደስታ ያታልላል፣ አውቀዋለሁ። የተፈታ እግር ግን ያረፈ እግር አይደለም። ደም ስለዞረና ሰውነት ስለሞቀ ነው የቀለለህ፣ ውስጡ ያለው ስንቅ አልጨመረም።

አቀበት ላይ ደግሞ ከኋላ መደበቅ ያን ያህል አይጠቅምም፣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ። እዚያ የሚጠቅመው ከቡድኑ ፊት ሆኖ መጀመር ነው። ከፊት ጀምረህ በራስህ ልክ ስትወጣ አንድ በአንድ ያልፉሃል። ጫፍ ላይ ስትደርስ ገና ጅራታቸው ላይ ነህ። ከኋላ ከጀመርክ ግን የመጀመሪያዋ አንድ ክንድ እዚያው አለቀችብህ ማለት ነው። ማርሽህንም ቀለል አድርግ። የደከመ እግር ከባድ ማርሽ ሲገፋ ቶሎ ይሞታል፣ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማዞር ይሻልሃል።

ነፋስ ከፊት፦

እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። ፕሮፌሽናሎቹን ተመልከቱ። ቱር ደ ፍራንስ 21 ቀን ውድድር ነው፣ በመካከሉ እረፍቱ ሁለት ቀን ብቻ። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲገባበት፣ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እግሩ ያላለቀ ሰው እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላችኋል? በደከመ እግር መንዳት ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። ሁሌ አርፈህ ብቻ ከተወዳደርክ ያቺን አቀበት መቼም አትለምዳትም።

ሲስተር፦

ነፋስ፣ ያልከው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። እነዚያ ሰዎች ኮርቻ ላይ ሆነው በየሰዓቱ ይበላሉ። ሲጨርሱ ይበላሉ፣ ይታሻሉ፣ ይተኛሉ። ቅዳሜ ጆንያ አይሸከሙም። ወንድማችን አርብ ያለ ምግብ ነው የነዳው።

ነርስ ነኝ፣ ራሴም እነዳለሁ። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ስንቅ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ጠንካራ ግልቢያ ቢበቃ ነው። እሱን መልሶ ለመሙላት በደንብ እየበሉ እንኳን አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ሐሙስ አወጣህ፣ አርብ በባዶው ላይ ደገምክ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ። እሁድ የገባኸው ግማሽ ጆንያ ይዘህ ነው። ትንፋሽህ ሳይቆራረጥ እግርህ እምቢ ማለቱ ለዚያ ነው፣ የሳንባ ችግር አይደለም። ጾሙን ተው አልልህም። በጾም ቀን ግን ቀለል ያለውን ንዳ፣ ወይም እረፍትህን እዚያ ላይ አድርገው። ከ9 ሰዓት በኋላ በደንብ ብላ፤ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ያገኘኸውን። ለመንገድ ደግሞ በሶ በጠርሙስ በጥብጠህ ያዝ፣ ሳይርብህ በየሃያ ደቂቃው ጎንጨት በል።

ሌላው፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር። በየቀኑ። ከለመድከው ሰባት ስምንት ምት ከፍ ብሎ ካገኘኸው ያን ቀን ከባድ አትንዳ። ድካሙ ሁለት ሳምንት አርፈህም ካልለቀቀህ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ደምህን ታይ። እኛ አካባቢ ወባም አለ፣ የደም ማነስም አለ፣ ሁለቱም እግር ይገድላሉ። ምግብ እንደበላህ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ አትጠጣ፣ ከምግቡ የምታገኘውን ብረት ይይዝብሃል። ጅማ ተቀምጦ ቡና ቆይተህ ጠጣ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ጅሬን ዳገት፦

ሲስተር ልክ ነች። እኔ በረመዳን እነዳለሁ። መጀመሪያ ዓመት እንደ ሌላው ጊዜ እነዳለሁ ብዬ አሥር ቀን ሳይሞላ አለቅኩ። አሁን ከኢፍጣር በፊት ያለውን ሰዓት ለቀላል ግልቢያ አደረግኩት፣ ሠላሳ አርባ ደቂቃ፣ ስጨርስ ቴምሩና ውሃው ይጠብቀኛል። ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ጾም እስኪፈታ አልነካውም። ማንም አልበለጠኝም፣ እንደውም ከዒድ በኋላ ትኩስ ሆኜ ነው የምመለሰው።

የሰርቦ መንገድ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካቴና፣ የጆንያውን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሲስተር፣ ዛሬ ጠዋት ምቴን ቆጠርኩ፣ 64 ነው፣ ግን ከምን ጋር እንደማወዳድረው ገና የለኝም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ይህን ሳምንት ቀላል ብቻ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጊዜ አጋሮ፣ በጾም ቀን ሳይሆን፣ በሶ ይዤ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ምን ያህል ልቀንስ?

ካቴና፦

በግማሽ። ኪሎ ሜትሩን ነው እንጂ ፍጥነቱን አትቀንስ፤ አጭር ንዳ፣ መካከል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ግፋ፣ እግርህ እንዳይተኛ። ዋዜማው ላይ ግማሽ ሰዓት ቀለል አድርገህ ውጣና ግባ። ቅዳሜውን ደግሞ ከአሁኑ አለቃህን አነጋግር፣ በሌላ ቀን ሁለት እጥፍ ልሥራልህ በለው። ያ ጓደኛህ አርብ ሲደውል ስልክህን አታንሳ።

የሰርቦ መንገድ፦

አለቃዬን ነገ ጠዋት አናግረዋለሁ።