የድሮ የአየር መንገድ ፖስተር ሳሳትም ብርቱካናማው ሸክላ ሆነብኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአጎቴ የወረስኩት የ1950ዎቹ የአየር መንገድ ፖስተር አለኝ። 63 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ታጥፎ ነው የኖረው። ዋናውን ሰቅዬ ፀሐይ እንዲበላው አልፈለግኩም። በስልክ አነሳሁትና 50 በ80 አድርጌ አሳተምኩት። ደማቁ ብርቱካናማ ሰማይ ሸክላ መስሎ ወጣ። አውሮፕላኑ ላይ ደግሞ ዋናው ላይ የሌለ ሞገድ የመሰለ መስመር መጣ። ማተሚያ ቤቱ «ጥፋቱ የፎቶህ ነው» ይላል። እውነት ነው?

አጉሊ፦ በሞገዱ እውነታቸውን ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ፖስተሩን እየው። ቀለሙ በጥቃቅን ነጥቦች ተሠርቶ፣ ነጥቦቹ እንደ አበባ ክብ እየሠሩ ከተደረደሩ በኦፍሴት፣ ማለትም ቀለሙን ከሰሌዳ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት በሚያሳርፍ ማተሚያ የታተመ ነው። እነዚያ ነጥቦች ከካሜራው ፒክስል ጋር ሲጋጩ ያ ሞገድ ይፈጠራል። ሞይሬ ይባላል።

በስልክ አትድከም። ጠፍጣፋ ስካነር ላይ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ክፍል በክፍል አንሳውና በኮምፒውተር ገጣጥመው። ከዚያ ነጥቡን በሚያለሰልስ ማጣሪያ አሳልፈህ መጠኑን ቀንስ። ለ50 በ80 ህትመት ወደ 5,900 በ9,450 ፒክስል ይበቃሃል።

ባለ ማተሚያ፦ አደራህን፣ ወረቀት እየሳበ የሚያነብ ስካነር ውስጥ እንዳታስገባው። እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ጠፍጣፋው ካልተመቸህ ጥሩ ካሜራ ፊት ለፊቱ ትከል፤ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርግ።

በብርቱካናማው ግን ፎቶህን ብቻ አልወቅስም። ድሮ ለፖስተር ብዙ ጊዜ ለየቀለሙ የተለየ ቀለም ይዘጋጅ ነበር። ብርቱካናማው ከጣሳው ሲወጣም ብርቱካናማ ነው። የዛሬው ተራ ማተሚያ ያንኑ ከማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ከሚያደላ ሮዝ) እና ከቢጫ ሊያወጣው ይሞክራል፤ ደማቁ ላይ ሲደርስ አቅም ያጥረዋል። ተጨማሪ ብርቱካናማ ቀለም ያለው የፒግመንት ኢንክጄት፣ ማለትም የደቀቀ ዱቄት ያለበትን ቀለም እየረጨ የሚያትም ማተሚያ ፈልግ። ትልቁን ከማሳተምህ በፊት ከሰማዩ አንድ ቁራጭ አሳትመህ ከዋናው ጋር በቀን ብርሃን አስተያየው። እኔ ይህን ሳላደርግ ያባከንኩትን ወረቀት አትጠይቀኝ።

አሮጌ ወረቀት፦ ኮምፒውተሩ ላይ የእጥፋቱን መስመር አጥፋው፣ የወረቀቱን ቢጫነት ግን ተወው። ነጭ ካደረግከው ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው።

አጉሊ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቢጫነቱን ዕድሜ አመጣው እንጂ ሠዓሊው አልቀባውም። ቢያንስ ግማሹን ቀንሰው።

ሰላማዊት፦ ልትሸጠው አስበህ ከሆነ ግን ቆም በል። አሮጌ ሆነ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ለቀድሞው የአሜሪካ አየር መንገድ ለቲደብሊውኤ ታዋቂዎቹን ፖስተሮች የሠራው ዴቪድ ክላይን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አስላው። የአየር መንገዱ ዓርማም የራሱ ጥበቃ ይኖረዋል።

ጠያቂ፦ ኧረ ለቤቴ ግድግዳ ነው! መነጽር ተውሼ አየሁት። አውሮፕላኑ ላይ ነጥብ አለ። ሰማዩና ጽሑፉ ላይ ግን ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው።

ባለ ማተሚያ፦ አላልኩህም? ሰማዩ በራሱ ቀለም ነው የታተመው።

አጉሊ፦ እንግዲያው ማጣሪያውን አውሮፕላኑ ላይ ብቻ አድርገው። ጽሑፉን እንዳትነካው፤ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዝብሃል።