ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ ይቀጣ ወይስ ይተው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ወላጆች፣ እስኪ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የግል ትምህርት ቤት ነው ሚማረው፣ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ አለቃው ስሙን ይጽፈውና 5 ብር ይቀጣል። እውነት ለመናገር እስካሁን ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እናቴ ልታመጣው ሄዳ በሩ ላይ "የኔ ጌታ፣ መጣህልኝ" ስትለው ዞር ዞር ብሎ አይቶ "እማማ እዚህ አታውሪ" አላት። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በገዛ አያቱ አፈረ ማለት ነው? እናንተ ብትሆኑ ደንቡ ይነሳ ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ አይነሳ። ይሄን ሁሉ ፊ ምንከፍለው እኮ እንግሊዝኛ እንዲችሉልን ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ሳይገባው የወደቀ ልጅ ምን በራስ መተማመን ይኖረዋል? እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መልሱን እያወቅኩት እንግሊዝኛው አፌ ላይ አልመጣ እያለ አንገቴን እደፋ ነበር፣ ያንን ልጆቼ ላይ ማየት አልፈልግም። አማርኛ እንደሆነ ሰፈር ይማሩታል፣ አዲስ አበባ አድጎ አማርኛ የጠፋበት ማን ነው?

የኬጂ ቲቸር፦ ኧረ ሞልቷል! ሞግዚቷ አማርኛ፣ እናትና አባት የተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቀሪው ዩቲዩብ፣ "ሠላሳ ሰባት" ስትለው ሚያፈጥብህ ልጅ ስንቱን ላሳይህ። ቅጣቱን በተመለከተ ደግሞ ከውስጥ ያለሁ ሰው ልናገር፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ አይደለም ሚማሩት፣ ዝም ማለት ነው። ድሮ የሰራሁበት ቦታ አንዷ ሕፃን ሽንት ቤት ልሂድ ማለት በእንግሊዝኛ ጠፍቷት፣ በአማርኛ እንዳትል ስሟ ሊጻፍ፣ እዛው ወንበሯ ላይ አመለጣት። ከዛ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ድምፅዋን አልሰማሁም። አለቃ ሚባለውም ቢሆን ሚጽፈው የጠላውን ነው፣ ጓደኛውን አይጽፍም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እሱ የአስተማሪዋ ችግር ነው እንጂ የደንቡ አይደለም።

የኬጂ ቲቸር፦ አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ።

ከሜሪላንድ፦ እኔ የዛሬ 14 ዓመት ልጄ ስትወለድ ትምህርት ላይ ወደኋላ እንዳትቀር ብለን ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አሳደግናት። አሁን አያቷ ስትደውል "ደህና ነኝ" ትልና ስልኩን ለኔ ታቀብለኛለች። አምና ራሷ ነች ለምን አላስተማራችሁኝም ብላ የተቆጣችኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብላ ሀ ሁ ትቆጥራለች፣ ከቁመቷ ጋር ስታዩዋት ታሳዝናለች። እናንተ እዛው አገራችሁ ላይ ሆናችሁ ለዚህ ገንዘብ ትከፍላላችሁ!

የወሊሶ ልጅ፦ ነገር ላካርር አይደለም ግን አንድ ነገር ልበል። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ወሊሶ አንደኛ ክፍል ሲገባ አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም፣ ትምህርቱ በሙሉ በአማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ ሲያመልጠው ክፍሉ ይስቅበታል። አስተማሪው ስሙንም ይከብዳል ብሎ መዝገብ ላይ ሌላ ጻፈለት፣ እስከዛሬ ሰፈር በአንዱ ስም መታወቂያው ላይ በሌላው ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ሲል እኮ ከዚህ ተነስቶ ነው። አሁን "አታውሪ" የተባሉት እናት ያመሟችሁ ያህል የኛም ሰው ያኔ አሞታል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይኸው ፖለቲካ አደረግከው።

የወሊሶ ልጅ፦ ፖለቲካ አይደለም፣ አባቴ ነው።

ሕግ የተማርኩት፦ ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 29 ትምህርት ልጁ ለወላጆቹ፣ ለራሱ ቋንቋና ማንነት አክብሮት እንዲያድርበት ማድረግ አለበት ይላል። እንግሊዝኛ አታስተምሩ አላለም። በቋንቋው መቅጣት ግን ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ እኔ አይታየኝም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እሺ ቅጣቱን ተዉት፣ እሱን ልቀቅላችሁ። ክፍል ውስጥ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

የኬጂ ቲቸር፦ ክፍል ውስጥ ማን ተከራከረህ? አሁን ያለሁበት እንደዛ ነው ምንሰራው፣ እረፍት ሰዓት ግን ነፃ ነው፣ በፈለጉት ቋንቋ ይጯጯሃሉ። ብይ በእንግሊዝኛ አይጣላሉበትም እኮ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልጁን ቀስ ብዬ ጠየቅኩት፣ እማማን ለምን እንደዛ አልካት አልኩት። "አለቃው በሩ ጋ ነበራ፣ እሷም እንዳትጻፍ ብዬ ነው፣ እሷ ብር የላትም" አለኝ። እኔ አፈረባት ብዬ ሳምንት ሙሉ ስበግን እሱ ለካ እየደበቃት ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ ቀነቷን ፈትታ 5 ብር ኪሱ ከተተችለት፣ ነገም ልታመጣው ምትሄደው እሷ ነች። የትምህርት ቤቱን ዩኒት ሊደር፣ ኃላፊዋን ማለቴ ነው፣ ሮብ ነው ማገኛት፣ ያለችኝን እጽፍላችኋለሁ።