ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ባዮስ ላድስ ወይስ ልተወው?

የፋሲሎ ልጅ፦
ሰላም ጎበዞች! ቤት ያለችን ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ናት፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ልቀይር አሰብኩ። ጓደኛዬ «ባዮሱን (ስትከፈት መጀመሪያ የሚነሳውን፣ ዋናው ሰሌዳ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፕሮግራም) አፕዴት ካደረግከው ይቀበላል» አለኝ። ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብሮውዘሩም ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። ፍርሃቴ መብራቱ ነው። በዚህ ክረምት ከጣና በኩል ነጎድጓድ ሲጀምር ባሕር ዳር ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ባዮሱን ሳድስ መሃል ላይ ቢጠፋብኝስ? ታናናሾቼ የሚያጠኑት በሷ ነው።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ቀኑን የሚያዛባው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ሲአር2032 ብለህ ግዛ። መጀመሪያ የባዮሱን ሴቲንግ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከሶኬት ነቅለህ ቀይራት፣ ከዚያ ቀኑን አስተካክል። ብሮውዘሩም ይስተካከላል፤ ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት (እውነተኛነታቸውን የሚያረጋግጠው) ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። ለዊንዶውስ 11 ግን አትድከም። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ባዮስ ማደስ ፕሮሰሰር አይቀይርም።

የፋሲሎ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። እና ጭራሽ ልተወው?

ግሽ ዓባይ፦
ኧረ ጭራሽስ አትተወው። ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይፋ ሲሆኑ ዴል ለዚህ ሞዴልም ማስተካከያ ያለው ባዮስ አውጥቷል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫን፣ ኤምኤስኢንፎ32 (msinfo32) ብለህ ጻፍ፣ የባዮሱን ቀን እይ። ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ ማደስ ያዋጣል።

ፋይሉን ከዴል ድረ ገጽ በሰርቪስ ታግህ (ኮምፒውተሯ ላይ የተለጠፈው መለያ) ፈልገህ አውርድ፤ ቴሌግራም ላይ ሰው የለቀቀውን እንዳትነካ! ፎርማቱ ፋት32 የሆነ ፍላሽ ላይ ገልብጠው፣ ስትከፍት ኤፍ12 ተጫንና ባዮስ ፍላሽ አፕዴት የሚለውን ምረጥ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለህ ቀድመህ ለጊዜው አቁመው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) አትጀምር። ዩፒኤስ አለኝ ብለህም አትመን፣ የብዙዎቹ ባትሪ ሞቷል። ከማደስህ በፊት ኮምፒውተሯን ከፍተህ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀለው። ሩብ ሰዓት ካልቆየ የሚሠራ ተዋስ። ቀኑንም ምረጥ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ጧት ይሁን።

ጠጋኙ፦
ግሽ ዓባይ ሁሉንም ብሎታል፣ እኔ አንድ ልጨምር። ስታድስ ስክሪኑ ሊጠቁር፣ ፋኑ ሊጮህ፣ ራሷም አጥፍታ ልትነሳ ትችላለች። ሞተች ብለህ እንዳታጠፋት፤ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ተደናግጠው ያጠፏቸው ናቸው። የከፋው መጥቶ አልነሳ ብትልም ማዘርቦርዱን አትጣለው። ባዮሱ ያለው እሱ ላይ ባሉ ትንንሽ ቺፖች ውስጥ ነው፣ ፕሮግራመር የሚባለው ቺፕ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ያለው ባለሙያ እንደገና ይጽፈዋል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው የልጆቹ ፋይልም በዚህ አይጠፋም።