ከአሜሪካ የሚላክ ስልክ ጅማ ላይ ኔትወርክ ይይዛል?

የሊሙ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አትላንታ ነው የምትኖረው። ለፋሲካ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አግኝታ "ስልክ ልላክልህ" አለችኝ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ራሷ ስትጠቀምበት የነበረ አይፎን 12 ነው። ሌላው ሱፐርማርኬት ውስጥ ያየችው አዲስ አንድሮይድ ነው። ካርቶኑ ላይ የኔትወርክ ድርጅቱ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ዋጋው እዚህ ካለው ጋር ሲተያይ የነጻ ያህል ነው። "ሁለት ልግዛና አንዱን ለእማዬ ስጣት" እያለች ነው።

ሥራዬ ቡና ላይ ነው። ቤቴ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ነው፤ ቡና ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊሙ ገጠር ውስጥ ነኝ። ስለዚህ ከተማ ሲሆን አንበሳ፣ ገጠር ሲገባ ድመት የሚሆን ስልክ አልፈልግም።

የምጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ያሜሪካ ነው፣ ኦሪጅናል ነው" ተብሎ ከአንድ ሱቅ አንድሮይድ ገዛ። ዳታው ይበርራል። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ያያል። ስንደውልለት ግን አይገኝም። እሱም ሲደውል አይወጣለትም። የሸጠለት ሰው "የኔትወርክ ችግር ነው" አለው። ሌላው "ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ስልኩ የሚይዘው ሞገድ፣ ከእኛ አገር ጋር አይገጥምም" አለው። ሦስተኛው "ፍላሽ ይደረግ፣ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫን" ብሎ ብሩን ተቀበለና ያው ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ ያስረዳን።

አጂፕ ሰፈር፦

ባክህ አታካብደው። እኔ የዱባይ ስልክ ነው የያዝኩት፣ ሲሙን ከተትኩ፣ ሠራ። ያሁን ጊዜ ስልክ ሁሉም ቦታ ይሠራል። እህትህን ርካሹን ሁለት ግዢና ላኪ በላት።

ቀፎ ሐኪም፦

አጂፕ ሰፈር ወንድሜ፣ የዱባይና ያሜሪካ ነገር አንድ አይደለም። ዱባይ የምትጠቀመው ፍሪኩዌንሲ ከእኛ ጋር ይቀራረባል። ለዚያ ነው ያለ ችግር የሠራልህ። አሜሪካ ግን ከድሮ ጀምሮ የራሷ መንገድ ነው ያላት።

እኔ ጅማ መርካቶ ቀፎ ጠጋኝ ነኝ። ከውጭ የመጣ ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው ገና በሩ ላይ ሆኖ "ፍሪኩዌንሲው ነው" ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ወይ ስልኩ ተቆልፏል፣ ወይ አንድ ሰው ሴቲንጉን ነካክቶታል። ፍሪኩዌንሲ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣ ግን እውነት ነው፣ መድኃኒትም የለውም።

መጀመሪያ ቁልፉን እንይ። አሜሪካ ስልክ በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ይሰጣል። ዕዳው እስኪያልቅ ድርጅቱ ቀፎውን ከራሱ ሲም ሌላ እንዳይቀበል አድርጎ ይቆልፈዋል። የእህትህ አይፎን ዕዳው ካለቀ ድርጅቱን ጠይቃ ታስከፍተው። ክፍያ የለውም። ግን እዚያው እያለች ታድርገው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስልኩ እኛ ጋ ከገባ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ ከዚያ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ገብተን አንከፍትልህም። መከፈቱን ለማወቅ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ትግባና ወደ ታች ትውረድ። "ካሪየር ሎክ" የሚለው ፊት ለፊት "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነጻ ነው። ፎቶ አንስታ ትላክልህ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ያገለገለ አይፎን የምትገዙ ሰዎች የሲሙን ማስቀመጫ ሳታወጡ ብር እንዳትከፍሉ። ከሲሙ ሥር እንደ ተለጣፊ ወረቀት የሳሳ፣ ወርቃማ ነጥቦች ያሉት ነገር ካያችሁ እሱ አር ሲም ይባላል። የተቆለፈውን ስልክ እያታለለ ነው የሚያሠራው። ዛሬ ይደውላል፣ ነገ ስልኩ ራሱን አፕዴት ሲያደርግ ጸጥ ይላል። ሻጩም የዚያን ቀን ስልኩን አያነሳም።

አሁን ወደ ፍሪኩዌንሲው። ኢትዮ ቴሌኮም 2ጂ የሚያሰራጨው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው። 3ጂ በዋናነት 2100 ላይ ነው። 4ጂ ደግሞ 1800 ላይ አለ፣ እሱ ነው በስልክ መግለጫ ላይ ባንድ 3 የሚባለው። አውሮፓም፣ እስያም፣ አብዛኛው አፍሪካም በዚህ መስመር ነው የሄዱት። አሜሪካኖቹ 2ጂና 3ጂ በ850 እና በ1900 ሠሩ። 4ጂውን በ700፣ በ1700፣ በ1900 አደረጉት። ባንድ 3ን የሚጠቀም ዋና ድርጅት እዚያ የለም። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ርካሽ ቀፎ ባንድ 3 ባይኖረው ማን ይጠይቀዋል? ፋብሪካው ገንዘብ ይቆጥባል። እህትህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያየችው ዓይነት እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው። በዚያ ላይ እንደዚህ ያሉት አብዛኞቹ ተቆልፈው ነው የሚሸጡት፤ ለመክፈትም እዚያው አሜሪካ ለወራት መጠቀም ያስፈልጋል። ለእማማ ብላችሁ አታስቡት።

አይፎን ሌላ ነው። አፕል ለዓለም ስለሚሸጥ ብዙ ባንድ አንድ ቀፎ ውስጥ ይከታል። 12ቱ የእኛን 900፣ 1800፣ 2100 እና ባንድ 3 ሁሉንም ይዟል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። አይፎን 5 ሲወጣ አንዱ ያሜሪካ ሞዴል ባንድ 3 ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም። መልካቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይለያያል። ለዚህ ነው "ሳምሰንግ ነው"፣ "ሞቶሮላ ነው" ሲሉኝ የማልረካው። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን አምጡልኝ።

ገጠር ያልከው ቁም ነገር ነው። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይበሳል። 900 የሌለው ስልክ ጅማ መሃል ላይ በ1800 እና በ2100 እየተንጠላጠለ ይሠራልህና "ተመስገን፣ ገጠመ" ትላለህ። ሊሙ ስትገባ፣ ማማው ከኮረብታው ማዶ ሲሆን፣ የጓደኛህ ተራ ቀፎ እየደወለ ያንተ "ኖ ሰርቪስ" ይላል። ከተማ ላይ ሲሙን ከትቶ አንቴናውን ማየት ብቻውን ፈተና አይደለም።

የባልደረባህን ስልክ በተመለከተ፣ ዳታው እየበረረ ጥሪ እምቢ ካለ እኔ ፍሪኩዌንሲ አልልም። 4ጂ ከያዘ እዚህ የሚሠራ ባንድ አለው ማለት ነው። ብዙ ስልክ እዚህ ጥሪ ሲመጣለት ከ4ጂ ለቅቆ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፣ አውርቶ ሲጨርስ ይመለሳል። መውረድ ከተከለከለ ጥሪው አይገባም። አንድሮይድ ከሆነ መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ይጻፍ። ከሚመጣው ዝርዝር የስልኩን መረጃ ይክፈትና "ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ" የሚለውን ይመልከት። "ኤልቲኢ ኦንሊ"፣ ማለትም 4ጂ ብቻ፣ ላይ ከሆነ ሌባው ተያዘ።

ከፈረንጅ አራዳ፦

እኔ ደግሞ ሌላ ጉድ ላውራችሁ። ወንድሜ አይፎን 14 ላከልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሲሜን ልከት ብል ቀዳዳ የለም! ግራውን አያለሁ፣ ቀኙን አያለሁ፣ ላዩን ታቹን አገላብጣለሁ። በቀኝ ጎኑ ሞላላ የሆነች ትንሽ ነገር አገኘሁና በመርፌ ልከፍታት ስታገል ታናሽ እህቴ ደርሳ ቀማችኝ።

ቀፎ ሐኪም፦

እህቴ፣ እንኳንም ቀማችሽ። እሷ የሲም ማስቀመጫ አይደለችም። አብዛኛው ያሜሪካ አይፎን ከ12 ጀምሮ በጎኑ ያቺ ሞላላ ነገር አለችው። እዚያ ላለው በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ለሚጠቀም 5ጂ የተሠራ አንቴና ነው። እኛ ጋ ጥቅሟ ስልኩ ያሜሪካ መሆኑን መመስከር ብቻ ነው። ሻጭ "የዱባይ ነው" ሲላችሁ ጎኑን እዩ።

ያሜሪካ አይፎን ከ14 ወዲህ ደግሞ የሲም ካርድ ቦታ ጭራሽ የለውም፣ በኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ኢ-ሲም ለማስገባት ስልኩንና መታወቂያሽን ይዘሽ ወደ አገልግሎት ማዕከል ነው መሄድ። እኔ ግን ለገጠር ሰው አልመርጠውም። ባትሪ ሲያልቅ ሲሙን መንቀል፣ የሰው ቀፎ ውስጥ መክተት፣ ደውሎ መመለስ የለመድነው ነገር ነው። በኢ-ሲም ያ ቀረ። የእህትህ 12 በመሆኑ ዕድለኛ ነህ፣ የሊሙ መንገደኛ።

የኪቶ ተማሪ፦

ኪቶ ፉርዲሳ ዶርም ውስጥ የቻይና ገበያ ስልክ የያዝን ብዙ ነን። ኔትወርክ ላይ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ቻይናም 2ጂውን በ900 እና በ1800 ነው የሠራችው፣ ባንድ 3ም ትጠቀማለች። የሚያስቸግረው ጉግል ነው። ፕለይ ስቶር ሳይኖረው ይመጣል፣ ዩቲዩብ የለም፣ ማሳወቂያ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ "ይሠራል ወይ" ሲባል ስለ ኔትወርክ ብቻ አትጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ለቀፎ ሐኪም፦ የኮሪያ ሳምሰንግ ርካሽ አግኝቻለሁ። ሻጩ ሞዴሉ መጨረሻ ላይ "ኤን" አለው፣ ችግር የለውም ይላል። እውነት ነው?

ቀፎ ሐኪም፦

"ኤን" የኮሪያ ነው፣ ልክ ብሏል። ኮሪያ ራሷ ባንድ 3 ላይ 4ጂ ስለምታሠራ ዋናዎቹ ጋላክሲዎች እዚህ ይሄዳሉ። መጨረሻው "ዩ" ከሆነ ያሜሪካ ድርጅት ስልክ ነው፣ ቁልፉን አጣራ። "ዩ1" ካለው ከፋብሪካው ክፍት ሆኖ የወጣ ያሜሪካ ስልክ ነው። እዚያ ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ ግን ካርቶኑንና ቀፎውን አስተያይ። ካርቶን ሌላ፣ ቀፎ ሌላ የሆነ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ስንቴ አርፏል። *#06# ደውልና የሚመጣውን አይኤምኢአይ፣ ማለትም የቀፎውን መለያ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እያንዳንዷን ቁጥር አመሳክር። ቁጥር ሳይመጣ ባዶ ወይም ዜሮ ብቻ ከታየህ ስልኩ በፍላሽ ተበላሽቷል፣ ጥለህ ሂድ።

የሊሙ መንገደኛ፦

ቀፎ ሐኪም፣ እጅህ ይባረክ! የባልደረባዬን ስልክ ዛሬ ቢሮ ላይ ከፍተን አየነው። "ኤልቲኢ ኦንሊ" ነበር! ለካ መጀመሪያ ስልኩን የሸጠለት ሰው "ዳታው እንዲፈጥንልህ ላስተካክልልህ" ብሎት ነበር። ቀየርነውና ወዲያው ደወልኩለት፣ ጠራ። ለፍላሽ የከፈለውን ብር እያሰበ አሁንም እየተናደደ ነው።

እህቴ የአይፎኑን ፎቶ ልካለች። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ይላል። የሱፐርማርኬቱን ስልክ ሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ዝርዝሩን አነበበችልኝ፦ ባንድ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 66፣ 71። 3 የለም። ለእማዬ ምን ይሻላል? እሷ መደወልና መቀበል ነው የምትፈልገው።

ቀፎ ሐኪም፦

ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። 4ጂ እዚህ አይይዝም። 900 እና 2100 ካለው ምናልባት ለጥሪ ይሆናል፣ ግን ቁልፉ አለ፣ ድካም ነው። ለእማማ እዚሁ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ተራ ቀፎ ግዛላት። ባትሪው ቀናት ይቆያል። ከተበላሸም መለዋወጫው መርካቶ ሞልቷል፤ የዚያ የሱፐርማርኬት ስልክ ስክሪን ቢሰበር ጅማ ቀርቶ አዲስ አበባም ማግኘቱ ያጠራጥራል። እህትህ ገንዘቡን ትላክ።

አጂፕ ሰፈር፦

እሺ ተሸነፍኩ። 07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ሲምስ? አይፎኑ ላይ ይሠራል?

ቀፎ ሐኪም፦

ይሠራል። ያ ስልክ ያን ያህል ባንድ ይዞ ለሁለቱም ድርጅት አያንስም። አንድ ሲም ካርድና አንድ ኢ-ሲም ስለሚይዝ ሁለቱንም ቁጥር አብሮ ማድረግም ይቻላል። ጥያቄው ሽፋን ነው። ሊሙ ላይ የቱ እንደሚደርስ ቡና ለቃሚዎቹን ጠይቃቸው፣ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ስልኩ ሲመጣ ደግሞ ያመጣው ሰው ወደ አሜሪካ ሳይመለስ ቶሎ ገጠር ይዘኸው ውረድና ደውልበት፤ እምቢ ካለ በዚያው ሰው ለእህትህ ይመለሳል።