የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ የሚደማ ድድና ጭንቀት፦ ምክራችሁን እንሻለን

የጥርስ ሐኪሞችና በእናቶች ክትትል የምትሠሩ ባልደረቦች፣ አንድ ነገር ላይ ተቸግረናል።

እናቲቱ የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፤ በኋለኞቹ መንጋጋዎች ዙሪያ የድዱ ኪስ (በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት) 5 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ታርታሩም (ጥርስ ላይ የደነደነው ቆሻሻ) ከድዱ ሥር ገብቷል። የእርግዝና ሆርሞን ብቻ ያመጣው እብጠት ቢሆን ከወሊድ በኋላ ይቀንስ ነበር፤ ይህ ግን አጥንት የሚበላው ዓይነት ነው። የጥርስ ክሊኒኩ "ወልደሽ ነይ" ብሎ መልሷታል። ይህ ያሳዝነናል፤ ጥልቅ እጥበት (ከድድ ሥር ያለውን ታርታር መጥረግ) በሊዶኬይን ማደንዘዣ በዚህ ወቅት ይቻላልና።

እጥበቱ ያለ ጊዜው ከሚመጣ ምጥ ያድናታል ብለን ቃል አንገባም። የድድ በሽታና ያለ ጊዜ መውለድ አብረው ይታያሉ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በ823 ነፍሰ ጡሮች ላይ የወጣው ጥናት እጥበቱ ያን እንዳልቀነሰ፣ ጉዳትም እንዳላመጣ አሳይቷል። ጥቅሙ ለድዷና ለጥርሷ ነው።

የከበደን ጭንቀቱ ነው። በኤድንበርግ መመዘኛ (በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ ለመለየት በሚሞላው መጠይቅ) ከ30 ነጥብ 17 አምጥታለች፤ ራስን ስለመጉዳት ለሚጠይቀው 10ኛ ጥያቄ መልሷ "በፍጹም" ነው። እንቅልፍ የላትም፣ ሌሊት ጥርሷን ታፋጫለች፣ የማታውን መቦረሽ ትታዋለች። የምክር አገልግሎት ጀምራለች።

እጥበቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ትላላችሁ ወይስ አፏን በአራት ከፍላችሁ በአጭር በአጭሩ? በጥርስ ሕክምናው ወንበር ላይ ስትተኛ ቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርጎ ወደ ግራ ማዘንበል ለስንት ደቂቃ ይበቃል? በሪፈር ወረቀቱ ላይስ ምን ብንጽፍ ክሊኒኩ ይቀበላታል?