ከ10 ዓመት በኋላ ከካርቶን የወጣች ሞዴል መኪና፦ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? 1/24 የሆነች (ርዝመቷ ከእውነተኛዋ መኪና 24 ጊዜ የሚያንስ) የፕላስቲክ ሞዴል መኪና መገጣጠም ጀምሬ ከ10 ዓመት በላይ ካርቶኗ ውስጥ ረስቻት ነበር። ሰሞኑን አወጣኋት። ሞተሩና ጎማዎቹ ደህና ናቸው፣ ጣጣው ቀለሙና ስቲከሩ ላይ ነው። ያኔ ቸኩዬ አወፍሬ ስለቀባኋት የበሮቹ መስመር ራሱ ተደፍኗል፤ ኮፈኑ ላይ ደግሞ የአውራ ጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል (አዎ፣ ሳይደርቅ ነካሁት)። ቀለሙን በአልኮል ላንሳው ወይስ በብርጭቆ ወረቀት? ቲነር አትበሉኝ፣ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሬው ፕላስቲኩን አቀለጠው። ስቲከሩም (ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከወረቀቱ የሚላቀቀው ዓይነት ነው) ቢጫ ሆኗል፤ አንዷን ቁጥር ውሃ ውስጥ ብነክራት እንደ ደረቅ ቅጠል ብትንትኗ ወጣ። የቀሩትን ከመንከሬ በፊት ቫርኒሽ ብነፋባቸው ሳይሰባበሩ ይላቀቃሉ? የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ጊዜ እንደነፋችሁና ምን ያህል እንዳደረቃችሁት ንገሩኝ፤ መለዋወጫ የለኝም፣ አንዴ ካበላሸሁ አበቃ።